ስም የሚገባበት ቦታ

ቁሐር ሚካኤል፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ አንዳርጌ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እምዬም ጉልበቷ ያዛት እንጂ አፏና ጆሮዋ እንዳለ ነው። የአዲስ አበባው ዝናብ አላስወጣ አላስገባ አለኝ ማለትህን ሳነብላት «እሱ ደግሞ ዝናብ የት ያውቃል» ብላ ሳቀች። ሜዳችን ከአሁኑ ውሃ ይዟል። ከደጃችን እስከ ርብ ወንዝ ድረስ ከሩዙ ጫፍ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ስልኩም ከጠፋ ሰነበተ፤ እንደ ድሮው በወረቀት እንገናኝ ማለትህ ልክ ነው። የአውቶቡሱ ሹፌር የኋላሸት ወረታ ላይ ሲቆም ደብዳቤህን በእጁ ይሰጠኛል፤ መልሴንም ይዞ ይሄዳል። ትምህርት ስለተዘጋ እኔም ሥራ ፈት አስተማሪ ነኝና መልእክት መቀበል አይከብደኝም።

ቶሎ ስላልመለስሁልህ ይቅርታ አድርግልኝ። የዘገየሁት ለጥያቄህ ምን ብዬ እንደምመልስ ቸግሮኝ ነው። «አያልነህ እንዴት ነው?» ብለሃል። ከአገር ከወጣህ ወዲህ ስሙን አንስተህ አታውቅም። ልጅ ሳለህ በትከሻው ወንዝ ያሻግርህ የነበረው፣ መሬቱ ከመሬታችን የሚዋሰነው አያልነህ ማለትህ ነው ብዬ ነው የምመልስልህ፤ ሌላ አያልነህ አናውቅም።

አያልነህ ሞቷል። የሩዙን ክትር ሊያይ ወጥቶ ውሃው ውስጥ እስከ ወገቡ ቆሞ፣ ዱላውን ተደግፎ ነው የተገኘው። በዳር ያለፉት ሰዎች ሰላም ብለውት ዝም ሲላቸው ተቀይመውት ሄደው ነበር። ሲመለሱም እንዳለ ቆሞ ስላገኙት ገብተው ነኩት።

ደብዳቤህን የጻፍህበት ቀን ሰኔ 28 ይላል። አያልነህ የሞተው በማግሥቱ ነው። ደብዳቤህ እጄ ላይ ሲገባ ከለቅሶው ቤት መመለሴ ነበር። እንዴት አወቅህ? ታሞ ነበር የሚል ወሬ ማን ነገረህ? እዚህስ ታሞ የሰማው የለም።

እምዬ ሰላም ብላሃለች።

እህትህ ባየች


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለባየች፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። አያልነህን ነፍሱን ይማር። ደብዳቤሽን ያነበብሁት ልምምድ ላይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ መጫወት አልቻልሁም። ባስ የሚጫወትልኝ ሰውመሆን ሻይ ገዝቶልኝ ወደ ቤቴ ሸኘኝ።

እንዴት አወቅህ ላልሽኝ እውነቱን ልንገርሽ፤ ከሳቅሽም ሳቂ። ለእምዬ ግን ይህን አታንብቢላት።

«ቁሐር» ያልሁትን ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ሰው ሁሉ የእኔ ነው ይላል እንጂ የእምዬ ሙሾ ነው። እሷ የአገሩ ሙሾ አውራጅ ሆና ከለቅሶ ለቅሶ ስትጠራ የነጠላዋን ጫፍ ይዤ የምከተላት እኔ ነበርሁ። ደብረ ታቦር ኪነት ቡድን ገብቼ አኮርዲዮን ሲያሸክሙኝም፣ ኋላ አዲስ አበባ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖ ፊት ሲያስቀምጡኝም ጣቴ መጀመሪያ የሄደው ወደዚያው ዜማ ነው። በሰዓት እላፊው ዘመን ሆቴል ውስጥ ለጨፋሪ ስጫወት፣ ሰው ሲደክመው ቀስ ብዬ እሱን ጣል አደርግ ነበር። አውሮፓ የወሰዱኝ ጊዜ ይህ ጃዝ ነው አሉኝ። እኔም እሺ ጃዝ ነው አልሁ። እንጀራዬን የበላሁበት ይኸው ነው።

እምዬ ግጥሟን ታወርድና ትቆማለች። እዚያ ላይ የሟቹን ስም ትጠራለች፤ ከዚያ ሴቶቹ ይቀበሏታል። እኔ ያን የስም ቦታ ባዶውን ነው የምተወው። ባሱም ከበሮውም አብረውኝ ዝም ይላሉ፤ አዳራሹ ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል። ስለዚያ ዝምታ ብዙ ተጽፎልኛል። እኔ ግን ጥበብ ብዬ አይደለም። የሞተ ሰው ሳይኖር የማንን ስም ላስገባ?

በሰኔ መጨረሻ ስንለማመድ እዚያ ቦታ ስደርስ እጄ አልቆመም። ባዶው ውስጥ ገባ። ፒያኖ ቃል የለውም ትይኝ ይሆናል። እምዬ ግን ስም ስትጠራ የአንዱን ስም ከሌላው በማይገጥም ዜማ እንደምታረዝም አንቺም ታውቂያለሽ። እጄ አያልነህ አለ። ሰውመሆን እንኳ ካቀረቀረበት ቀና ብሎ «ማንን ጠራህ?» አለኝ። ሰውመሆን የደሴ ልጅ ነው፤ ቁሐርን በካርታም አያውቃት።

አጋጣሚ ነው እያልሁ ነው። በጥቅምት መጀመሪያ የሥራ ዘመኔን የሚዘክር ትልቅ ዝግጅት አለ፤ ይቀረጻልም። ካሁን በኋላ እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አይደገምም። ሰው የሚመጣውም «ቁሐር»ን ለመስማት ነው። ስለዚህ አጋጣሚ ነው በይኝ።

ወንድምሽ አንዳርጌ


ቁሐር ሚካኤል፣ ነሐሴ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ፣

ጾሙ እንዴት ይዞሃል? ወይስ አዲስ አበባ ፍልሰታን አትጾሙም? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምርና ደህና ባልሆነው ልጨርስ።

ሳቂ ብለኸኝ ስቄ ነበር። «ወንድሜ አረጀ፤ ጣቱ ማውራት ጀመረ» ብዬ ልጽፍልህ ወረቀት አውጥቼ ተቀምጬ ሳለሁ ነው ሁለተኛዋ ቁራጭ ወረቀትህ የደረሰችኝ። ሰላምታ እንኳ የሌላት። ከዚያ በኋላ ሳቁ ጠፋኝ።

የጠየቅኸኝ ስለ ሰገን ነው። እምዬ ሙሾ ስታወርድ ከፊት ሆና የምትቀበላት፣ ደረቷን ስትመታ ድምፁ ከአጥር ውጭ የሚሰማው ሰገን። ወረቀትህን ይዤ ሮጥሁ። ደህና ነበረች። ደጃፏ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ሩዝ ታበጥራለች። እንደ እብድ ስደርስባት «ምን ሆንሽ አንች ልጅ?» አለችኝ፤ ምንም ብዬ ተመለስሁ። ከደጃችን ሳልደርስ ጩኸት ሰማሁ። እንደተቀመጠች፣ ሰፌዱን እንደያዘች፣ አፏን ከፈት አድርጋ ነው የሄደችው። ሙሾ ለመቀበል ስትዘጋጅ እንዲያ ነበር አፏን የምትከፍተው። ሰፌዱን ከእጇ ለማስለቀቅ ሴቶቹ ተቸገሩ።

ለእምዬ ደብዳቤህን ሳነብላት ያልኸኝን ዘለልሁ። «ምን ዘለልሽ?» አለችኝ። ፊደል አልቆጠረችም፤ ንባቤ የሚሰበርበትን ቦታ ግን ታውቃለች። ስለ ዝናብ ነው አልኋት። አላመነችኝም። ያን ዕለት ወደ ሰገን ለቅሶ ተደግፋ ሄዳ ዳር ተቀመጠች። ጉልበቷ ከያዛትና ንስሐ አባቷ አባ ኪዳነ ማርያም ሙሾውን ይተዉት ካሏት ወዲህ አታወርድም። አሁን ወጣቶቹ ዝም ብለው ያለቅሳሉ እንጂ ስም አግብቶ የሚያወርድ የለም።

ያን ሥራህን ለጊዜው ተወው፤ እለምንሃለሁ። ሌላ ስም ከመጣብህ ደግሞ እኔን አትጠይቀኝ። ኋላ ለምን አልነገርኸኝም ብዬ አልወቅስህም። ማወቅ አልፈልግም።

ባየች


ቁሐር ሚካኤል፣ ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ አንዳርጌ፣

ደብዳቤዎችህ ተከታትለው ደረሱኝ። የላክኸው መድኃኒትም ደርሷል፤ ለምን በሽታ እንደሆነ ግን አልጻፍህልኝም። የኋላሸት «ወንድምሽ ሐኪም ሆነ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

አያስለኝም። ትኩሳትም የለኝም። ታንኳ አልሳፈርም፤ ድሮም ተሳፍሬ አላውቅም። መብረቅ ሲኖር ከዛፍ ሥር አልቆምም። ሩዝ ማሳ ውስጥ ብቻዬን አልገባም። ዓይኔም ጥርሴም ልቤም ደህና ነው። አዲስ አበባ ነይና ክረምቱን እኔ ጋ ክረሚ ላልኸኝ፣ እምዬን ለማን ጥዬ?

ወንድም ጋሼ፣ ቃሌን ጠብቀህልኛል። አንድም ሰው አልጠየቅኸኝም፤ ማንም ደህና ነው ወይ አላልህም። ስለ እኔ ብቻ ነው የጠየቅኸው። ተማሪዎቼ ሲዋሹኝ የማላውቅ ይመስላቸዋል፤ አንተም እንደነሱ ሆንህ። ስሜ ነው አይደል?

ስለፈራሁ ነው የምጽፍልህ። ባለፈው እሑድ ቀትር ላይ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከሜዳው በኩል፣ ውሃው ላይ፣ ሰው ጠራኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። ስሜን ሙሉውን አይደለም፤ መጀመሪያውን ጠርቶ እንደመተው ነው። አብራኝ የነበረችው ጎረቤታችን ትንሳኤ ሰምታ «ይጠሩሻል እኮ» አለችኝ። አቤት ልል አፌን ከፍቼ መለስሁት። የማይታይ ሰው አንድ ጊዜ ቢጠራሽ አቤት አትበይ እያለች ነው እምዬ ያሳደገችን። ወደ ሜዳው ዞሬ ብመለከት ከብቶቹ ውሃ ውስጥ ቆመው ሁሉም ወደ እኔ ያያሉ። ሰው የሚባል የለም።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ቀትር ሲሆን በር ዘግቼ ቤት ውስጥ እቀመጣለሁ። እውነቱን ጻፍልኝ። የባሰው ካለማወቅ አይብስም።

ባየች


አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ፣

ጽሕፈቴ እንዲህ የተበላሸው ጣቶቼን በሻሽ አስሬ ስለምጽፍ ነው፤ ታምሜ አይደለም።

አዎ፣ ያንቺ ነው። ልዋሽሽ አልችልም፤ ዝም ብል ደግሞ ዝምታዬን አነበብሽው። ልምምድ ላይ «ቁሐር»ን አንጫወትም ብዬ ሌላ ሥራ ጀምረን ነበር። ሌላው ሥራ መሀል ላይ ሄዶ ሄዶ እሱ ሆነ። የስሙ ቦታ ሲደርስ ስምሽን ጀመረ። የስምሽ መጀመሪያ እንደወጣ የፒያኖውን ክዳን በገዛ እጄ ላይ ዘጋሁት። ጥፍሬ ጠቁሯል። ስለዚህ ስምሽ ገና አላለቀም። ግማሹ ተጠርቶ ግማሹ ቀርቷል፤ አንቺን ከሜዳው የጠራሽም እስከዚያው ድረስ ነው የጠራሽ።

ፒያኖ ካልነካሁ ይቆማል ብዬ ነበር። ጣቶቼ ግን ጠረጴዛ ላይ ይሠራሉ፤ ታክሲ ውስጥ ጉልበቴ ላይ ይሠራሉ። ከስሙ ቦታ ሲደርሱ በሌላው እጄ ጨምቄ እይዛቸዋለሁ። አንድ ቀን መያዝ ያቅተኛል። ሰውመሆን ሐኪም ቤት ወሰደኝ፤ ድካም ነው ብለው ኪኒን ሰጡኝ። ኪኒኑ አስተኛኝ፤ ስነቃ ጣቶቼ ትራሱ ላይ እየሄዱ ነበር።

አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። ለእምዬ ንገሪያት። ከመጀመሪያው ጀምረሽ፣ ምንም ሳትዘይ። የስሙ ባዶ ቦታ እንዴት እንደሚዘጋ ጠይቂልኝ። አንቺን ከማጣ ሁለቱን እጄን ባጣ ይሻለኛል፤ ይህን ስል ለአባባል አይደለም።

አንዳርጌ


ቁሐር ሚካኤል፣ መስከረም 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ አንዳርጌ፣

እንኳን አደረሰህ ማለት ነበረብኝ። እንኳን አደረሰህ።

ሁሉንም ነገርኋት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ባዶውን ስንት ዘመን ተጫወተው? ዕድሜውን ሙሉ አልኋት። የነጠላዋን ጥለት ትጎነጉን ጀመር። እኔ ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። ፈራች። እናታችንን ፈርታ አይቻት አላውቅም፤ እሷ ስትፈራ ለእኔ የሚቀር ድፍረት ጠፋኝ።

የነገረችኝን እንዳለ ልጻፍልህ። ሙሾ ያለ ሟች አይወርድም። ለተማሪ ሲያስተምሩ እንኳ ቀድሞ የተቀበረ ሰው ስም ያገቡበታል። ስም ሳይገባበት የተተወ ሙሾ ክፍት ነውና የሚገባበት ሰው ይፈልጋል። እስካሁን ያልፈለገው በእሷ ምክንያት ነው። አንተ እዚያ በከፈትኸው ቁጥር እሷ እዚህ ለአገሩ ሟች ሁሉ እያወረደች በስም ስትዘጋው ኖራለች፤ ሳታውቀው። አምና ተወችው። ከዚያ ወዲህ የሚዘጋው የለም።

አሁን የድሮ ሟች ስም ብናገባበትስ አልኋት።

«አይሆንም» አለች። «ግማሽ ስም ተጠርቷል። የተጀመረው ከኔ ቤት ነው፤ የሚያልቀውም ከኔው ቤት ነው። ለሰው ሁሉ ሳለቅስ ኑሬ ቤቴን ሳይነካኝ ሰንብቷል፤ ይበቃኛል። የኔን ስም ያግባ። በዚያ በትልቁ ቀን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አገኘሁሽ ብሎ በስሜ ይጥራኝ። ዜማውን ያውቀዋል፤ ሕፃን ሁኖ ሲጠራኝ በምን ዜማ እንደነበር አልረሳሁትም።»

ይህን ሁሉ የምጽፈው ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ብዕሬን እያየች ነው። ጻፍሽ ወይ ትለኛለች፤ ጻፍሁ እላታለሁ። ማንበብ ስለማትችል ከዚህ በታች የፈለግሁትን መጻፍ እችላለሁ። እንዳታደርገው። እምዬን በእጅህ ገድለህ እኔን ብታድነኝ እንዴት ብዬ ፊትህን አያለሁ? ግን ደግሞ ሞት እፈራለሁ ወንድም ጋሼ። ትናንትም ጠርቶኛል፤ ከትናንት በስቲያም። ከሜዳው ወደ አጥራችን ቀርቧል።

ባየች


አዲስ አበባ፣ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለባየች፣

ይህች አጭር ናት፤ የኋላሸት ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው።

የእምዬን ስም አላገባም። ያንቺን አላስጨርስም። ከአንድ ቤት ከሆነ የሚፈለገው እኔም የዚያው ቤት ልጅ ነኝ። እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ እስካሁን አለማሰቤ ገርሞኛል። ዝግጅቱ ጥቅምት 2 ነው። የስሙ ቦታ ሲደርስ አንዳርጌ ብዬ እዘጋዋለሁ። የራሴን ስም በእምዬ ዜማ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ለእራት ስትጠራኝ።

አትዘኚ አልልሽም። ዕድሜዬን ሙሉ የምወደውን ሠርቻለሁ፤ ከቁሐር ተነስቼ ያልሄድሁበት አገር የለም። ልጅም ሚስትም አልተውሁም። ለእምዬ አንዳች እንዳትነግሪያት። መርዶውን እንደ ባህሉ በሽማግሌ፣ በማለዳ ያርዷት። አንቺም ከሰው እኩል የሰማሽ ምሰይ።

ጣቶቼ ከወሰንሁ ወዲህ ረጋ ብለዋል።

ወንድምሽ አንዳርጌ


ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም። ደህና መሆንህን በመጨረሻው ደብዳቤህ ነግረኸኛል። ዝግጅቱ በሰላም አለፈ፤ የስሙ ቦታ ስደርስ እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ ዝም ብሎ ተኛ፤ ሰው ያን ዝምታ ቆሞ አጨበጨበለት፤ እኔም እየጠበቅሁ ሳለ ሳልሞት ቀረሁ፤ ከዚያ ወዲህ ጣቶቼ ዐርፈዋል፤ እግዚአብሔር ማረን ብለሃል። ለኅዳር ሚካኤል እመጣለሁ፣ ለእምዬ ጋቢ ገዝቻለሁ ብለሃል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ስለዚህ ነው። ይቅር በለኝ።

አጭሯን ደብዳቤህን ለእምዬ ልደብቃት ሞክሬ ነበር። «ከልጄ ነው፤ አንብቢ» አለችኝ። የሆነ ያልሆነውን እየፈጠርሁ አነበብሁላት። ንባቤ ተሰበረ። ሁለተኛ አስነበበችኝ፤ በሌላ ቦታ ተሰበረ። ሦስተኛ ስታስነብበኝ አለቀስሁ። ያኔ ያለውን ሁሉ ነገርኋት።

ሙሾ ስም ይፈልጋል እንጂ ሬሳ አይፈልግም አለች። በሩቅ አገር ሞቶ ለተቀበረ ሰው በልብሱና በፎቶው ይለቀስ የለም ወይ? ደኅና አድርጎ የተለቀሰለት ሰው ሂሳቡ ተዘግቷል አለች። ግን ለቅሶው የእውነት መሆን አለበት። አንድ ሰው እንኳ ጠርጥሮ ቢያለቅስ አይዘጋም። ስለዚህ ከእሷና ከእኔ በቀር ማንም እንዳያውቅ ቃል አስገባችኝ።

መስከረም 27 ሳይነጋ ሽማግሌው ደሳለው ቤት ሄጄ ወንድሜ አዲስ አበባ ሞቶ እዚያው ተቀበረ አልሁ። ደሳለው ሽማግሌዎቹን ይዞ መጥቶ እምዬን አረዳት። ያስወራችው እሷ፣ ያወራሁት እኔ፤ ሆኖም ደሳለው «አንዳርጌን እግዚአብሔር ወሰደው» ሲል መሬት ላይ ወደቀች። ማስመሰሏ ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም። እኔም ወድቄ ነበር።

ለአባ ኪዳነ ማርያም ዋሸሁ። ፍትሐት አደረሱልህ። ዳስ ተጣለ፤ ከይፋግና ከወረታ ሳይቀር ሰው መጣ። ትተኸው የሄድኸው ጥቁር ኮትህ አልጋ ላይ ተዘረጋ፤ የሲዲህ ሽፋን ላይ ያለው ፎቶህ ከላዩ ተደረገ። የኋላሸት አውቶቡሱን ወረታ አቁሞ መጥቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። በቅርቡ እኮ ደብዳቤውን ከእጁ ተቀብዬው ነበር ይላል።

እምዬ ጠጉሯን ተላጭታ፣ በሰው ተደግፋ ቆመች። አባ ኪዳነ ማርያም እያዩ አወረደች፤ እሳቸውም አልከለከሏትም።

ጣቱ ተናጋሪ፣ አፉ ዝምተኛ፤
ምነው ዛሬስ ጣትህ እንዳፍህ ተኛ።

እንዲህ ብላ ቆመች። የስሙ ቦታ ደረሰ። ቀትር ነበር። ያን ጊዜ ከአጥሩ ውጭ፣ ከውሃው በኩል ያ ድምፅ ስሜን ጀመረ። ሁሉም ሰማው። ሴቶቹ ወደ እኔ ዞሩ፤ ትንሳኤ እጄን ያዘች። ድምፁ እንደሌላው ጊዜ መጀመሪያው ላይ አልቆመም፤ ወደ መጨረሻው ሊሄድ ነበር። እምዬ በላዩ ላይ አንዳርጌ ብላ ጮኸች። እንዲህ ያለ ድምፅ ከአንዲት አሮጊት ደረት ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር። ሴቶቹ ተቀበሏት። ሜዳው ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ጠርቶኝ አያውቅም። ያንተም ጣቶች ጥቅምት 2 የተኙት ሙሾው አስቀድሞ በስምህ ስለተዘጋ ነው።

ወንድም ጋሼ፣ አትምጣ። የተለቀሰለት ሰው በእግሩ ቢመለስ ለቅሶው ባዶ ይሆናል። ከባዶ ለቅሶ በኋላ የሚፈለገው የማን ስም እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። ለኅዳር ሚካኤልም፣ ለፋሲካም፣ እምዬ ያረፈች ዕለትም አትምጣ። ስልክም ቢመለስ አትደውል። ድምፅህን የሰማ ሁሉ የለቀሰውን ይጠረጥራል። ደብዳቤም ከእንግዲህ በየኋላሸት መላክ አይቻልም፤ ለእሱ ሞተሃል፤ የመጨረሻውን ሌላ ሹፌር ማምጣቱ በጀን። ይህንን ባሕር ዳር ድረስ መጥቼ በፖስታ የምልከው ስለዚህ ነው፤ ፖስታው ላይ የጻፍሁትም የሰውመሆንን ስም ነው። እኔ እንድኖር ነው ይህ ሁሉ የሆነው። መኖሬን ግን ገና አልወደድሁትም።

የመጨረሻውን ደብዳቤህን ለእምዬ አነበብሁላት። መምጣትህንም፣ ጋቢውንም፣ አንዲት ቃል ሳልዘል። ጥቁሯን ለብሳ ግድግዳውን ተደግፋ ትሰማለች። ስጨርስ ከማን ነው አለችኝ። አዲስ አበባ ካለ ሰው አልኋት። አዲስ አበባ የማውቀው ሰው የለኝም አለች።

ወረቀቱን ሳጣጥፈው እጄን ያዘችኝ።

«ይኸ ሰውዬ እናት አለችው?»

ደብዳቤው አይልም አልኋት።

ባየች